ይልማ ማን?

ጋሽ ይልማ መሞቱን ያነበብኩ ዕለት «ተመስገን» ብያለሁ። ይህን አስቀድሜ ካልተናገርኩ ሌላው አይወጣልኝም።

ማክሰኞ ጠዋት ነው። ለቡ መብራት ኃይል የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ስልኬን ስነካካ፣ ድሮ አብረውን የሠሩ መምህራን በሚገናኙበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ መልእክት አየሁ። «አቶ ይልማ አንዳርጌ ባደረባቸው ሕመም ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል፤ ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ይፈጸማል» ይላል። ፎቶ የለውም። «ይልማ» የሚለውን ሳይ ክው አልኩ። ቀጥዬ የአባቱን ስም አነበብኩ። የእኛ ጋሽ ይልማ፣ ይልማ እሸቴ ነው። «ተመስገን፣ የእኛው አይደለም» ብዬ ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ታክሲ ውስጥ ገባሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ስለ ምን እንደተሰበሰብን እንኳ አሁን ትዝ አይለኝም።

የእኛው እንደነበር የነገረኝ ከሦስት ቀን በኋላ የድሮ አለቃዬ ሄኖክ ነው። ደወለና «ማህሌት፣ ጋሽ ይልማ እኮ ዐረፈ» አለኝ።

«መቼ?»

«ማክሰኞ ተቀበረ። አንቺ ሄደሽ ነበር አይደል?»

እሱም መልእክቱን አይቶ አልፎታል። ከእሱ ጋር በሠራንበት ቢሮ እሱን ሳይጨምር ሰባት ሰዎች ነበርን፤ ከሰባታችን አንድም ሰው ቀብሩ ላይ አልተገኘም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ቦታ መርጋት አቅቶኛል። ምሳዬን ቆሜ ነው የምበላው፤ ሥራ ጀምሬ ሳልጨርስ እነሣለሁ። ይህንንም የምጽፈው ሦስት ጊዜ ከወንበሬ ተነሥቼ ነው።

ጋሽ ይልማን ያወቅኩት ጎፋ፣ ከአንድ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ በላይ በተከራየነው ባለሁለት ክፍል ቢሮ ነው። ሥራችን ተማሪዎች በአማርኛ ፕሮግራም የሚጽፉበት ቋንቋ መሥራት ነበር። ዕድሜው ስድሳ አልፏል፤ ከእኛ ከሌሎቻችን ትልቁ ደግሞ ሠላሳ አምስት አልሞላውም። የመጣ ዕለት «እርስዎ» ብንለው ተቆጣ። «አንቱ አትበሉኝ። መዝገብ ቤት ስሠራ አንቱ የሚለኝ ሁሉ ፋይሉ የጠፋበት ሰው ነበር» አለ። ጋሽ ይልማ፣ አንተ፣ ብለን ቀረን።

መቀመጥ አይወድም። ወንበር ተገዝቶለት ነበር፤ ኮቱን አስቀምጦበት እሱ ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳል። ታክሲ ውስጥ ሆነን መንገድ ከተዘጋጋ ዘሎ ይወርድና በእግሩ ቀድሞን ይደርሳል። ዐረፍተ ነገር እንኳ አይጨርስም፤ እኛ እንድንጨርስለት ትቶት ወደ ሌላው ያልፋል። ሲያስብ በእጁ ጠመኔ ይይዛል። የሚጽፈውም ለስብሰባ በተሰቀለው ነጭ ሰሌዳ ላይ ሳይሆን በቢሮው ጥቁር የብረት በር ላይ ነው። በሩን በትከሻው ገፍቶ የገባ ሁሉ ግማሽ ንድፍ ይዞ ይገባል። ሄኖክ አንድ ቀን ባንክ ሄዶ ሲመለስ የጃኬቱ ጀርባ በሙሉ ቀስት ብቻ ነበር። ሳቅንበት፤ ጋሽ ይልማ ግን «ወዲህ ዙር፣ ያቺን ቀስት ልገልብጣት» ብሎ ከጃኬቱ ላይ ወደ ወረቀት ገለበጣት።

ከሁሉም ሥራችን ያስቸገረን መምህራን የሚጽፏቸው ሞጁሎች ጉዳይ ነው። ሞጁል ማለት አንድ ሰው ጽፎ ያስቀመጠው፣ ሌላው ጠርቶ የሚጠቀምበት ቁራጭ ፕሮግራም ነው። አንዱ መምህር ቀን የሚቆጥር ይጽፋል፣ ሌላው ርዝመት የሚለካ። ተማሪው ስሙን ሲጽፍ ሞጁሉ መጥቶ ይሠራለታል። የመጥሪያው ቃል ምን ይሁን በሚለው ብቻ ሁለት ቀን ተከራክረናል። ሄኖክ «አስገባ» ይባል አለ። ጋሽ ይልማ «የሚገባው ዕቃ ነው። ይሄ ሰው የደከመበት ነገር ነው፤ እንደ ሰው ይጠራ» አለ። «ጥራ» ሆነ።

መምህራን ግን ብዙ ናቸው፣ ስም ደግሞ ያው ነው። «መለኪያ» የሚባል ሞጁል በወሩ አራት ሆነ። ያን ክፍል የምጽፈው እኔ ነበርኩና ቀላል መላ አመጣሁ፦ ስማቸው አንድ ከሆነ ለጠሪው ቅርብ የሆነው ይምጣ። በራሱ ፎልደር ውስጥ ያለው፣ ከሌለ በትምህርት ቤቱ፣ ከሌለ ከዚያ ወዲያ። ፈጣን ነው፣ ያምራል፣ ኮርቼበታለሁ።

ጋሽ ይልማ በሩ ላይ የሣልኩትን አየ። መስኮቱን ከፍቶ ወደ መንገዱ «አበበ!» ብሎ ጮኸ። ሦስት ሰው ዞረ። አንዱ ፌሮ የተሸከመ፣ አንዱ የታክሲ ረዳት፣ አንዱ ሲሚንቶ ላይ የተቀመጠ።

«የቱን ነው የፈለግኩት?» አለኝ።

«እኔ ምን አውቄ፣ ጋሽ ይልማ?»

«ቅርቡን አምጪልኛ! ቅርብ ነው ያልሽው።»

ከታች ባለፌሮው «ምን ፈለጋችሁ?» እያለ ያንጋጥጣል።

«አበበ ማን?» አለው ጋሽ ይልማ።

«አበበ ቱፋ!»

«አንተን አይደለም ወንድሜ፣ ይቅርታ! ሸክም ላይ አቆምኩህ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ሲጠራ ሁለት ሰው ከዞረ ጥፋቱ የጠሪው ነው» አለኝ። ይህችን በየሳምንቱ ይላታል።

ለምን እንዲህ እንደሚያንገበግበው ያወቅነው በኋላ ነው። በወጣትነቱ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ይሠራ ነበር። ኮምፒውተር ሲገባ ሌላው ሰው ለመንካት ፈራ፣ እሱ ነካው፣ በዚያው ፕሮግራመር ሆነ። ከዚያ በፊት ግን በመሥሪያ ቤቱ ሁለት ተስፋዬ ወልዴዎች ነበሩ። አንዱ ላጤ ነው፣ ሌላው የአራት ልጆች አባት። ላጤው ወደ ጠረፍ እንዲዛወር ተወሰነ። ጋሽ ይልማ የዝውውሩን ደብዳቤ ጻፈ፣ ማኅተም አስመታ፣ ከመደርደሪያው ለእጁ የቀረበውን የተስፋዬ ወልዴን ፋይል አወጣና ደብዳቤውን ለባለፋይሉ ላከ። የቀረበው የባለ ልጆቹ ነበር። ሰውዬው ፈርሞ ተቀበለ፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አስወጣ፣ ዕቃውን ጭኖ ሄደ። ስሕተቱ የታወቀው ከዓመት በኋላ ነው።

«ሲመለስ እግሩ ላይ ልወድቅ ሄድኩ» ይለናል። «ለምን አልጠየቅክም? እኔ አይደለሁም ለምን አላልክም? አልኩት። ምን አለኝ መሰላችሁ? ‹ደብዳቤው ላይ ስሜ አለ› አለኝ። አስቡት፤ ስሜ አለ ብሎ ልጆቹን ይዞ...»

እዚህ ላይ ሁልጊዜ ያቆማል። እኛም አንጨርስለትም።

ስለዚህ የእኔ መላ ወድቆ የእሱ ቆመ። ስሙ አንድ ብቻ ከሆነ በስሙ ይጠራል። ሁለት ከሆኑ ማሽኑ አይገምትም፤ ሥራውን ያቆምና «መለኪያ ማን?» ብሎ ይጠይቃል። ተማሪው የአባት ስም ይጨምራል። አባት ማለት ሞጁሉን የጻፈው ሰው ነው። እሱም ከተመሳሰለ የአያት ስም ይጠየቃል፤ አያት ደግሞ መጀመሪያ የተጻፈበት ትምህርት ቤት ነው። ስሙ ረዘመብኝ ያለ ተማሪ በራሱ ፕሮግራም ውስጥ የቤት ስም ሊያወጣለት ይችላል። «ቤታችሁ ውስጥ ኩኩ በሉት፣ ማሙሽ በሉት፤ መታወቂያው ላይ ግን ስሙ ይኑር» ይል ነበር። ልጆቹ ማሽኑ «ማን?» ሲላቸው በሳቅ ይሞታሉ። አንድም ልጅ ማስረዳት አላስፈለገንም፤ ስሙን ተጠይቆ የማያውቅ ልጅ የለም።

የተጣላነው በአባት ስም ነው። እሱ የአባት ስም በራሱ በሞጁሉ ውስጥ ይጻፍ ይላል፤ የትም ቢወሰድ ይዞት እንዲሄድ። እኔ የተቀመጠበት ፎልደር ስም ይብቃ እላለሁ፤ ሞጁሉን ሁሉ ከፍቶ ማንበብ ማሽኑን ያንቀራፍፈዋል። «ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ከተወሰደስ?» ይለኛል። «አዲሱ አባቱ ይሆናላ!» እለዋለሁ። አንድ ቀን ይህን ስለው መመላለሱን አቁሞ ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ «የወለደውም ያሳደገውም ይጻፉ። በሁለቱም ሲጠራ አቤት ይበል» አለ። እኔ በሆዴ ‹ሽማግሌው ግትር ሊል ነው› አልኩ። የማይገባኝን ሁሉ ግትር ማለት ይቀለኛል፤ ይኼ ጠባዬ ነው።

ጋሽ ይልማ ለዓይኑ ሕክምና ሦስት ሳምንት ከሥራ ቀረ። በዚያው መካከል የትምህርት ቤቶች ኤግዚቢሽን ቀን ደረሰ። የአባት ስም ከሞጁሉ ውስጥ እየተነበበ ስለነበር ማሽኑ ይንቀራፈፋል፣ ሄኖክ ይጨቀጭቃል። ሁለት ቀን ቁጭ ብዬ የአባትን ስም ከፎልደሩ እንዲወስድ አድርጌ ቀየርኩት። ከሞጁሎቹ ውስጥ የጸሐፊዎቹን ስም የያዘውን መስመር የሚያነብና አብሮ የሚገለብጥ ስለሌለ ኮፒ ሲደረጉ መስመሩ ይረግፋል። ይህን አውቅ ነበር። ፍጥነቱ እጥፍ ሆነ። ሄኖክ እጄን ጨበጠኝ።

ፉሪ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምር ገመቹ የሚባል መምህር ነበረ። ቤተሰቦቹ አካባቢው በቤት ከመሞላቱ በፊት ጀምሮ እዚያው የሚያርሱ ናቸው፤ ዛሬም አባቱ የተረፈቻቸውን መሬት ያርሳሉ። ገመቹ «መሬት» የሚል ሞጁል ጻፈ። ተማሪው ጓሮውን በእርምጃ ይለካል፣ ማሽኑ ቅርጹን ይሥላል፣ ስፋቱን በካሬ ሜትርም በጥማድም ይነግረዋል። አባቱ በበሬ ውሎ የሚቆጥሩትን ልጁ በቁጥር ያየዋል። ከመጡልን ሁሉ የሚበልጥ ሥራ ነበር። አንድ ትልቅ የግል ትምህርት ቤት ሞጁሉን ወደ ራሱ ፎልደር ገለበጠውና ኤግዚቢሽኑ ላይ ልጆቹ አቀረቡት። ስክሪኑ ላይ የወጣው የአባት ስም የዚያ ትምህርት ቤት ነው። ዳኞቹ አጨበጨቡ። ገመቹ ስድስት ተማሪዎቹን ይዞ ከተመልካቹ መሀል ቆሟል። አንዷ ልጅ «ቲቸር፣ ይሄ ያንተ አይደል እንዴ?» ስትለው ሰምቻለሁ። «ዝም በዪ» አላት፤ ፊቱን ግን አላዞረም።

በማግስቱ ቢሮ መጣ። ጋሽ ይልማ አንድ ዓይኑ እንደተሸፈነ ያን ዕለት ሥራ መግባቱ ነው። ገመቹ አልጮኸም። «ሽልማት አልፈልግም። ለልጆቼ ውሸታም መሰልኳቸው፤ ያ ነው የከነከነኝ» አለ።

ጋሽ ይልማ ወደ እኔ አላየም። ግን በአንድ ጊዜ ገብቶታል። «ንድፉ የእኔ ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርግልኝ» አለው። እኔ ሁለት ሜትር ርቄ ጣቶቼን ኪቦርዱ ላይ እንዳደረግኩ ነኝ። ‹ገመቹ ሲወጣ ተከትዬው ለብቻው እነግረዋለሁ› አልኩ። ገመቹ ሄደ፤ አልነገርኩትም።

ጋሽ ይልማ ምንም አልወቀሰኝም። «ስንቱን ነው የነካሽው?» ብቻ አለኝ።

«ሁሉንም።»

ኮቱን ከወንበሩ ላይ አነሣና ተቀመጠ። ተቀምጦ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው፤ ደነገጥኩ።

ሄኖክን ለመነው። ወላጅም አሳዳጊም ይጻፉ፣ የድሮውም ጥሪ ይሥራ፣ የአንድ ወር ሥራ ነው አለ። ሄኖክ ትምህርት ቤቶቹ ሶፍትዌሩን ወስደዋል፣ አሁን ብንነካካው ሁሉም ይበላሻል፣ በሚቀጥለው ይታያል አለ። የሚቀጥለው ሳይመጣ ቢሮው ተዘጋ። ጋሽ ይልማ ግን ያን አልጠበቀም፤ በሳምንቱ ለቀቀ። የወጣ ዕለት ጨርቅ አርጥቦ የብረቱን በር ከላይ እስከ ታች በራሱ እጅ ወለወለው። እኔም ሌላ ቦታ ተቀጠርኩ። ሁለት ዓመት አልደወልኩለትም። ቁጥሩ ስልኬ ላይ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ቤቱን ፈልጌ ሄድኩ። ፉሪ አዳዲስ ሕንፃዎች በቅለው መንገዱ ተምታታብኝ፤ ሦስት ጊዜ ጠይቄ፣ ሁለት ጊዜ ተመልሼ ደረስኩ። ድንኳኑ ተነሥቷል። ሳሎኑ ውስጥ ጥቁር የለበሱት ባለቤቱ እትዬ አስካለ፣ ሁለት ጎረቤቶች፣ ከበሩ አጠገብ ደግሞ ገመቹ ተቀምጠዋል። ገመቹን ሳይ ልመለስ ቃጣኝ።

«ማን ልበል?» አሉኝ እትዬ አስካለ።

«ማህሌት እባላለሁ። ጎፋ አብረን...»

«ውይ ማህሌት! ጎበዝ ልጅ ናት ይልሽ ነበር።» አቀፉኝ። ከዚያ ለቀቁኝና «ምነው ታዲያ? ምነው አንዳችሁ እንኳ?» አሉ።

ስለ ስሙ ነገርኳቸው። የእኛው ይልማ እሸቴ ስለሆነ ሌላ ሰው መስሎኝ ነው አልኩ። ሌላውን፣ ተመስገን ያልኩትን፣ ዋጥኩት።

እትዬ አስካለ ዕንባቸውን እየጠረጉ ነገሩኝ። አንዳርጌ ወላጅ አባቱ ናቸው፤ ሰሜን ሸዋ ገበሬ ነበሩ። እሸቴ አጎቱ ነው። በሰባት ዓመቱ አዲስ አበባ አምጥቶ ትምህርት ቤት ሲያስገባው በራሱ ስም አስመዘገበው። «እሸቴ ደግ ሰው ነበር፤ ይወደው ነበር። አባትየው ግን አንድ ጊዜ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ‹ይልማ አንዳርጌን ጥሩልኝ› ቢሉ እንዲህ የሚባል ተማሪ የለም ተባሉ። ሳያዩት ተመለሱ። ዳግመኛም አልመጡ። ከእናንተ ከለቀቀ በኋላ ነው ፍርድ ቤት የሄደው። ሁለቱንም ስም ልያዝ ብሎ ነበር፤ አንዱን ምረጥ አሉት። ውሳኔው በእጁ ከገባ ወርም አልቆየ» አሉኝ።

ያን ቀን «አዲሱ አባቱ ይሆናላ!» ብዬው እንዴት እንዳየኝ ትዝ አለኝ። የምገባበት ጠፋኝ።

ገመቹ ጎንበስ ብሎ «መልእክቱን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። እናንተ የምታውቁ መስሎኝ ነው፤ ለእኔ ነግሮኝ ነበር» አለ። ጋሽ ይልማ ከለቀቀ በኋላ በየቅዳሜው ትምህርት ቤቱ ድረስ ይመጣለት እንደነበር ነገረኝ። ሄኖክ የከለከለውን ሥራ ለብቻው ጨርሶ በፉሪው ትምህርት ቤት ስምንት ኮምፒውተሮች ላይ ጭኖታል። እዚያ «መሬት» ወላጁም አሳዳጊውም ተጽፈውለታል። «ዓይኑ እየደከመ ሲሄድ እኔ እየጻፍኩለት፣ እሱ እየተመላለሰ ነው የጨረስነው። በመጣ ቁጥር ይቅርታ ይጠይቀኛል። በቃ ጋሼ፣ እለዋለሁ፤ አይሰማም» አለ።

ያኔ ተነሣሁ። ቁጭ ብዬ የምናገረው ነገር አልነበረም።

«ገመቹ፣ ያጠፋው እሱ አይደለም። እኔ ነኝ። እሱ ሕክምና ላይ እያለ እኔ ነኝ የቀየርኩት። ስምህ እንደሚጠፋ አውቅ ነበር። ቢሮ የመጣህ ቀንም እዚያው ተቀምጬ ነበር» አልኩት።

ጎረቤቶቹ አንገታቸውን ደፉ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«እሱን ይቅር ያልኩት እኮ የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው» አለ ገመቹ። «የሌለበትን ጥፋት። ሁለት ዓመት ሙሉ እያስመላለስኩት።»

«ይቅርታ አድርግልኝ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ቁጣ ግን አልነበረበትም። «አንቺ ገና ዛሬ መጠየቅሽ ነው፣ ማህሌት። ልዋሽሽ አልፈልግም፤ ጊዜ ስጪኝ። ሲወጣልኝ እደውልልሻለሁ» አለ።

ቁጥሬን ጽፌ ሰጠሁት። አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፤ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ከተቀመጥኩበት እነሣለሁ።